አለቃ ሁሉ መሪ ነውን?

ሰው አገሩን ለቆ ወደ አዲስ አገር ሲገባ ከኡልፓኑ ትምህርት ይልቅ የሥራ ቦታው ቋንቋ ቶሎ ይገባዋል። «መናሄል» ማን እንደሆነ፣ «አኽራይ» ማን እንደሆነ፣ «ካብላን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገና ግስ ማርባት ሳይችል ያውቃል። እኔም የተማርኩት እንደዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ዓመት ከሠራሁ በኋላ እንኳ ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር። እሱም በሚያስተዳድር ሰውና በሚመራ ሰው መካከል ያለው ልዩነት ነው። ይህንን ልዩነት የተረዳሁት በኢር ያሚም ከሚገኙት ፎቆች በአንዱ ምድር ቤት ውስጥ በደረሰ አንድ አደጋ ምክንያት ስለሆነ፣ ነገሩን ከዚያ ልጀምር።

ኢር ያሚም፣ እንደሚታወቀው፣ በናታንያ ደቡብ ከባሕሩ አጠገብ ረጃጅም ፎቆች የተደረደሩበት ሰፈር ነው። በክረምት ዝናብ የሚሞላው ኩሬና በየካቲት ወር ገደማ ሐምራዊው አይሪስ የሚያብብበት ጥብቅ ሥፍራም በዚያው ይገኛሉ። ለሽርሽር የሚሄድ ሰው የሚያየው ይህን ነው። እኛ ግን ሰፈሩን የምናውቀው ከሥር በኩል ነው። ሳይነጋ በአውቶቡስ ደርሰን የቆሻሻውን ክፍል፣ የመኪና ማቆሚያውን፣ ደረጃውንና አሳንሰሩን እናጸዳለን። የቤቱ ባለቤቶች ሲነሡ ወለሉ ደርቆ ይጠብቃቸዋል።

በዚያ ሥራ ላይ ሳለሁ ሁለት አለቆች ተፈራርቀውብኛል። የኮንትራክተሩንም ሆነ የእነርሱን ስም መጥራት አያስፈልግም። የመጀመሪያው አንደበተ መልካም ሰው ነበር። ሲገባ ሁላችንንም በስም እየጠራ ሰላም ይላል፤ ስለ ልጆቻችን ይጠይቃል፤ የስግድ ዕለት ሳንጠይቀው ፈቃድ ይሰጠናል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ከእንጀራችን ይቆርሳል። ይሁን እንጂ የሠራነውን ሰዓት የሚይዘው በጭንቅላቱ ነበር። ወሩ አልቆ «ትሉሽ» ሲመጣ አንዴ ስድስት ሰዓት፣ አንዴ አንድ ሙሉ ቀን ይጎድላል። «በሚቀጥለው ወር እናስተካክለዋለን፣ አባ» ይለናል። የሚቀጥለው ወር ግን የራሱን ጉድለት ይዞ ይመጣል። እኛም ይሉኝታ ይዞን ዝም አልን። ሰውየው እንጀራችንን በልቷል፤ እንዴት ተብሎ ገንዘቤን አምጣ ይባላል?

ሁለተኛው ወጣት ነበር። ሰላምታ አያውቅም። ካርድ ሳይመታ ሥራ የጀመረ ሰው እንዳልሠራ ይቆጠራል ብሎ በመጀመሪያው ቀን ነገረን። ባልዲው የት እንደሚቀመጥ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሚያድር፣ የትኛው ፎቅ በየትኛው ቀን እንደሚታጠብ ሁሉንም በወረቀት አደረገው። «ይህስ ሰዓት ነው እንጂ ሰው አይደለም» ተባባልን። ይሁን እንጂ እሱ ከመጣ ወዲህ ከደመወዛችን አንዲት ሰዓት አልጎደለችም። ጓንቱም ጫማውም በወቅቱ ይመጣል። ማታ ቤቴ ስለ እሱ ሳማርር ባለቤቴ ትሉሹን ዘርግታ ተመለከተችና «ታዲያ ሰዓቱ ይሻላል» አለችኝ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ከሁለቱ መሪው የትኛው ነው? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይመርጥ ይሆናል። በበኩሌ ግን መልካም ንግግር ብቻውን ሰውን መሪ ያደርገዋል ብዬ አላምንም። የሰውን ላብ በትክክል መቁጠርም አንዱ የማክበር መንገድ ነው። የመጀመሪያው አለቃ ይወደን ነበር፤ ፍቅሩ ግን ከኪሳችን ይከፈል ነበር።

አደጋው የደረሰው በሁለተኛው ጊዜ ነው። ወጣቱ አለቃ በዕቃ ማስቀመጫው በር ላይ አንድ ወረቀት ለጥፎ ነበር። በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃው አሲድ ጋር መቀላቀል ክልክል መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ይህ ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል፤ አየር በማይገባበት ክፍል ውስጥ ከሆነ ሊገድልም ይችላል። ወረቀቱ የተጻፈው በዕብራይስጥ ነው። ሁላችንም ከሥሩ ፈረምን። ማንበብ የምንችለው ግን ከአንድና ከሁለት ሰው አንበልጥም ነበር። እኔ አንዱ ነኝ። አነበብኩት፣ ፈረምኩ፣ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከመጣች ዓመት ያልሞላት አንዲት ልጅ ሥራ ጀመረች። እሷም ፈረመች። አንድ ቀን መስኮት በሌለው የቆሻሻ ክፍል ውስጥ ወለሉ አልጸዳ ሲላት፣ ሁለቱ ቢደመሩ ይበረታሉ ብላ በአንድ ባልዲ ቀላቀለቻቸው። የደረስንላት ደረጃው ሥር ተንበርክካ ስትስል ነው። አምቡላንስ ተጠርቶ ሆስፒታል ገባች፤ ተመስገን ነው፣ ዳነች። አለቃው ወረቀቱን ይዞ መጣ። «ተነግሯታል፣ ፊርማዋም ይኸው» አለ። ፊርማዋን ተመለከትኩ። ከእሷ ስም በላይ የእኔ ስም ነበረ።

ከመካከላችን ሁላችንም እቴቴ የምንላት አንዲት ትልቅ ሴት ነበረች። ዕብራይስጥም አማርኛም አታነብም። በማግሥቱ ካርድ ከመምታታችን በፊት ሰበሰበችን። ከቤቷ ቀይ ክር ይዛ መጥታ በአሲዱ ጠርሙሶች አንገት ላይ ሁሉ አሰረች። የበረኪናው ጠርሙስ ነጭ ስለሆነ እንዳለ ተወችው። «ቀዩና ነጩ በአንድ ባልዲ አይገናኙም። የተገናኙ ዕለት ሰው ይቀበራል» አለችና እያንዳንዳችንን እንደ ሕፃን አስደገመችን። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፦

«ወንድሜ፣ አንተ ማንበብ ትችል የለም እንዴ? ለምን አልነገርካትም?»

«እኔ አኽራይ አይደለሁም» አልኳት።

«አኽራይ ባትሆን፣ ሰው አይደለህም?» አለችኝ።

ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለ። «አኽራይ» በዕብራይስጥ ኃላፊ ማለት ነው፤ ኃላፊነት ያለበት ሰው። ከእርሱ ጋር በድምፅ የሚቀራረብ ሌላ ቃል ደግሞ አለ፤ «አኻራይ» ይባላል፤ ትርጉሙም «ተከተሉኝ» ነው። ልጆቻችሁን ለጦር ሠራዊት አገልግሎት የላካችሁ ወላጆች ታውቁታላችሁ፤ አዛዡ ከወታደሮቹ ፊት ቀድሞ ሲወጣ የሚያሰማው ቃል ነው። እኔ የመጀመሪያው ቃል በደረቴ ላይ እስኪጻፍልኝ እጠብቅ ነበር። እቴቴ ሳይጻፍላት ሁለተኛውን አደረገችው።

በቋንቋችንም ነገሩ ተለይቶ የተቀመጠ ነው። «ሥራ አስኪያጅ» ማለት ሥራውን የሚያስኬድ ነው። «አስተዳዳሪ» ስንልም ቤተሰቡን የሚያስተዳድር አባወራ ትዝ ይለናል፤ ሰዎቹ በልተው እንዲያድሩ የሚያደርግ ማለት ነው። «መሪ» ግን መንገዱን አስቀድሞ የሚያይና ሌላው እንዲያይ የሚያደርግ ነው፤ ዓይነ ስውሩን እጁን ይዞ የሚወስደውን ልጅ ሁሉ መሪ እንለዋለን። ያ ልጅ ሹመት የለውም። አባቶቻችን ሹምን ከላይ ተልኮ እንደሚመጣ ያውቁት ነበር። ስለ እርሱም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ትተውልናል። የጎበዝ አለቃን ግን አገር ሲታወክ ራሱ የመንደሩ ሰው ነው የሚመርጠው፤ ካልተከተሉት አለቃነቱ በዚያው ያበቃል። በአጭሩ ሹመትን የሚሰጠው ሾሚው ነው፤ መሪነትን የሚሰጡት ተከታዮቹ ናቸው።

በዕብራይስጡ ደግሞ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። «መናሄል» የሚለው ቃል ዛሬ ቢሮና ማኅተም ያስታውሰናል፤ ሥሩ ግን የእረኛ ቃል ነው። በዳዊት መዝሙር እረኛው በጎቹን ወደ ጸጥተኛው ውሃ በቀስታ ሲወስድ የተነገረበት ግስ ይኸው ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 33 ኤሳው ወንድሙን ያዕቆብን አብረን እንጓዝ ባለው ጊዜ፣ ያዕቆብ ልጆቹ ለጋ መሆናቸውን አስረድቶ በእነርሱ እርምጃ ልክ በዝግታ እንደሚከተል ሲመልስለት የተጠቀመበትም ቃል ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። «ማንሂግ»፣ ማለትም መሪ፣ በበኩሉ ከአውቶቡስ ነጂው ከ«ነሃግ» ጋር አንድ ሥር አለው። ሙሴ የአማቱን በጎች ወደ ምድረ በዳ ሲነዳ የተጻፈው ቃል እርሱ ነው። ስለዚህ በጥንት ጊዜ ሁለቱም ሥራዎች የአንድ እረኛ ሥራዎች ነበሩ ማለት ይቻላል። አንደኛው ወዴት እንደሚኬድ ይመለከታል፤ ሁለተኛው ደካማው ከኋላ እንዳይቀር ይጠብቃል።

ሁለቱ ሲለያዩ ምን እንደሚሆን ከኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ሙሴን የሚያህል መሪ ከጧት እስከ ማታ ተቀምጦ ብቻውን ሲፈርድ፣ ሕዝቡም ቆሞ ወረፋ ሲጠብቅ አማቱ ዮቶር አየው። የምታደርገው መልካም አይደለም፣ አንተም ትደክማለህ፣ ሕዝቡም ይደክማል ሲል መከረው። የሺህ አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ የሃምሳና የአሥር አለቃ እንዲሾም ነገረው። ሙሴ ሕዝቡን ከግብፅ ያወጣ ሰው ነው፤ ይሁን እንጂ ወረፋ ማስያዝን ከዮቶር ተማረ። ልብ በሉ፤ ዮቶር የሚሾሙትን ሰዎች ሲገልጽ ጉልበታቸውን ብቻ አላነሣም። እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ እውነተኞች፣ ጉቦን የሚጠሉ ይሁኑ ብሏል። እንግዲያው አስተዳደርም የራሱ የሆነ የሕሊና ሚዛን አለው ማለት ነው።

ይህ የሩቅ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም፤ በእኛው መንገድ ላይም ታይቷል። ፈረደ አክሉም በትግራይ መምህር የነበረ ሰው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 ሱዳን ውስጥ ሆኖ ለወገኖቹ በሱዳን በኩል የሚያስኬድ መንገድ እንዳለ ካሳወቁት ቀዳሚ ሰዎች አንዱ ነበር። ማንም በዚያ ሥፍራ አልሾመውም። ሕዝቡ ግን መንደሩን ለቆ ተነሣ። በረሃ ለበረሃ በእግር የተደረገውን ጉዞ፣ በኡም ራኩባና በሌሎች የስደተኛ ካምፖች የታየውን ሞት እዚህ መዘርዘር አያስፈልገኝም። 4,000 ያህል ወገኖቻችን በመንገድና በካምፕ እንዳለቁ ይነገራል፤ መታሰቢያቸውም በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ቆሟል።

በእነዚያ ካምፖች ውስጥ «ኮሚቴ» የምንላቸው ሰዎች ተነሡ። ሥራቸው በአብዛኛው አስተዳደር ነበር። ቤተሰብ ይቆጥራሉ፣ ስም ይጽፋሉ፣ ገንዘብና መድኃኒት ያከፋፍላሉ፣ ተራው የደረሰውን ሰው በሌሊት በድብቅ ወደ መኪናው ያደርሳሉ። ቢያዙ እስራትና ድብደባ ይጠብቃቸው ነበር። እስቲ በእነርሱ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ዝርዝሩ በእጃችሁ ነው፤ መኪናው የሚይዘው ሰው ተወስኗል፤ የእናታችሁ ልጅ አለ፣ የማታውቁት ሕመምተኛም አለ። ማንን ትጽፋላችሁ? ይህ የአስተዳደር ጥያቄ ይመስላል፤ ስም በወረቀት ላይ የማስፈር ጉዳይ ነውና። የሰውየው ማንነት የሚለየው ግን በዚያች እርሳስ ጫፍ ላይ ነው። መሪነት ሁልጊዜ በባንዲራና በንግግር አይገለጥም፤ ብዙ ጊዜ ስም ዝርዝር በሚይዝ እጅ ላይ ነው የሚገለጠው።

ግንቦት 1991 ላይ ደግሞ የአስተዳደርን ታላቅነት በዓይናችን አየን። በ24ኛውና በ25ኛው ቀን፣ በ36 ሰዓታት ገደማ ውስጥ፣ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓጓዙ። ሰው እንዲበዛ ተብሎ የአውሮፕላኖቹ ወንበሮች ተነቅለው ነበር። አንዱ አውሮፕላን ብቻውን ከ1,000 በላይ ሰው ይዞ በረረ። ቤተሰብ እንዳይበታተን በየሰዉ ላይ፣ በግንባሩ ሳይቀር፣ ቁጥር ተለጠፈ። ያ ቁጥር ባይኖር ኖሮ ስንቱ ሕፃን ከእናቱ ይለይ ነበር! ስለዚህ ቁጥሩን አልነቅፍም። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ለመንገድ ነው። ከአውሮፕላኑ ከወረድን በኋላም በአንዳንድ መሥሪያ ቤትና በአንዳንድ የሥራ ቦታ ቁጥሩ ከግንባራችን ያልወረደ ይመስል በእርሱ ብቻ የሚያዩን አልጠፉም። አስተዳደር ሰውን ይቆጥራል፤ መቁጠርም አለበት። መሪ የሚያስፈልገው የተቆጠረው ሰው ስም እንዳይጠፋ ነው።

የሥራ አመራር ምሁራንም በዚህ ጉዳይ ብዙ ተከራክረዋል። በአሜሪካ የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት መምህር የነበረው አብርሃም ዛሌዝኒክ በ1977 ባወጣው ጽሑፍ ሥራ አስኪያጆችና መሪዎች በባሕርያቸው የተለያዩ ሰዎች ናቸው ሲል ተከራክሯል። የዚያው ትምህርት ቤት ባልደረባ ጆን ኮተር በ1990 ነገሩን በሌላ መልክ አቀረበው። አስተዳደር የተወሳሰበውን ሥራ ሥርዓት ለማስያዝ፣ መሪነት ደግሞ ለውጥን ለመቋቋም ነው፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ አለ። የኮተር ሐሳብ ለእኛ ይቀርበናል። ለውጥ ማለት ምን እንደሆነ ከስደተኛ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? በታኅሣሥ 2020 በተጀመረው «ጹር ይስራኤል» በተባለው ዘመቻ የመጡ ቤተሰቦቻችን ዓመታት በጎንደርና በአዲስ አበባ ጠብቀው፣ ቋንቋውም ሥራውም ኑሮውም በአንድ ቀን የተለወጠባቸው ናቸው።

ወደ ኢር ያሚሙ ምድር ቤት ልመለስ። ወጣቱ አለቃ ቀያዮቹን ክሮች ሲያይ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ዕቃው የድርጅቱ ነውና። ቀጥሎ ምን እንደሆኑ ጠየቀ፤ እኔም ተረጎምኩለት። ዝም ብሎ ቆመ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ዓይነት ቀለም ያላቸው ጠርሙሶች አመጣ። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ እቴቴ ቆማ እንድታስረዳ፣ ያም ጊዜ እንደ ሥራ ሰዓት እንዲከፈላት በወረቀቱ ላይ ጻፈ። ሰላምታውን ግን ከዚያ በኋላም አልተማረም።

እቴቴ ዛሬ በጡረታ ላይ ናት። ጠርሙሶቹ ግን እኔ ሥራውን እስከ ለቀቅኩበት ቀን ድረስ በሁለት ቀለም ይመጡ ነበር። ከዚህ የተማርኩት ይህን ነው። የእቴቴ ክር ያለ አለቃው ወረቀት ቢሆን ኖሮ እርሷ ስትሄድ አብሮ ይሄድ ነበር። የአለቃው ወረቀትም ያለ እቴቴ ክር የፊርማ ክምር ብቻ ነበር። መሪ ያልታዘዘውን ሸክም አንሥቶ ይሸከማል፤ ጥሩ አስተዳዳሪ ደግሞ ያ ሸክም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ እንዳይቀር መደርደሪያ ይሠራለታል።

ለማጠቃለል ያህል ሦስት ነገሮችን ላንሣ።

አንደኛ፣ ከአለቃችን መሪነትን በግድ መጠየቅ አንችልም፤ ጥሩ አስተዳደርን ግን እንችላለን። በ2002 የወጣው ሕግ አሠሪ የሥራውን ሁኔታ በ30 ቀናት ውስጥ ለሠራተኛው በጽሑፍ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በ1999 የወጣው የሥራ ደህንነት ደንብም ሠራተኛው ስለ አደጋው እንዲማርና የተማረውንም መረዳቱ እንዲረጋገጥ ያዛል። ያልገባንን ወረቀት አንፈርም። «ይተርጎምልኝ» ማለት ነውር አይደለም። አለቃው ቸር ስለሆነ ብቻ ትሉሹን ሳናይ አንቅር፤ ይሉኝታ የልጆችን ቀለብ አይሸፍንም።

ሁለተኛ፣ ተምራችሁ አለቃ ለሆናችሁ ልጆቻችን። ሹመት ስታገኙ ደስ ይለናል። ነገር ግን ያ ወረቀት ሥራ አስኪያጅነታችሁን እንጂ መሪነታችሁን አይመሰክርም፤ እርሱን የሚመሰክሩላችሁ ከሥራችሁ ያሉት ናቸው። ሰዓታቸውን በትክክል ቁጠሩላቸው፤ ስማቸውንም እወቁ።

ሦስተኛ፣ በአገር ቤት ሽማግሌ ተብላችሁ ስትዳኙ ቆይታችሁ ዛሬ በልጃችሁ ዕድሜ ባለ ሰው ለምትታዘዙ አባቶችና እናቶች። ካርድ መምታቱ ያማል፤ አውቀዋለሁ። ሹመታችሁን መንገድ ላይ ትታችሁ መጥታችኋል። ይሁንና መሪነት ከሹመት ጋር አብሮ የሚወሰድ ነገር አይደለም። ከጎናችሁ የቆመችው አዲሷ ልጅ ወረቀቱን ማንበብ የማትችል ከሆነና እናንተ የምትችሉ ከሆነ፣ ማንም ሳይሾማችሁ ተሹማችኋል። እኔ ያን ቀን ሹመቴን ሳልቀበል ቀረሁ። ልጅቷ ስለዳነች ዛሬ ይህን ልጽፍ ቻልኩ፤ ባትድን ኖሮ ግን ምን ብዬ እጽፍ እንደነበር አላውቅም።

ቸር ይግጠመን።